በአባት ወገን የለም

ሰባት ቤት እቆጥራለሁ። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ኩራቱ ከወጣልኝ ቆይቷል። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚያ ነው።

በእኛ አገር፣ ከላሊበላ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት መንደሮች፣ ልጅ ለመዳር ሲታሰብ ከሁሉ በፊት የሚጠራው ቤት ቆጣሪ ነው። ልጁና ልጅቱ እስከ ሰባት ትውልድ በሥጋ እንዳይገናኙ፣ የሁለቱንም ወገን ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እያነሳ በሽማግሌ ፊት የሚቆጥር ሰው ማለት ነው። እኔ ይህን ሥራ ፊደል ሳልለይ ሃያ ዓመት ሠርቼዋለሁ። ሙጃ ድረስ በበቅሎ ወስደውኛል። በቃሌ የያዝኩት ሰው ቢሰበሰብ የደብሩን ግቢ ይሞላል። ማን ማንን ወለደ፣ የቷ የት ተዳረች፣ የቷ ሳትወልድ ቀረች፣ ሁሉን አውቃለሁ።

ሴቶቹ በምን እንደሞቱ ግን አልቆጥርም ነበር። ማንም አይቆጥርም። ለጋብቻው ምን ያደርጋል ይባላል።

እናቴ የሞተችው በጡት ነቀርሳ ነው፤ አሁን ካንሰር በሚሉት። ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ሃምሳ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል። እሷ ስትሞት ለለቀስተኛው የተነገረው «ውጋት» ነው። በእኛ ዘንድ ውጋት ያልሸፈነው ነገር የለም። የእናቴ እህትም በውጋት ሞተች ተባለ። ታላቅ እህቴ ሙጃ ተድራ ሁለት ዓመት ሙሉ ግራ ክንዷን ከጎኗ ሳታላቅቅ፣ ደረቷን በነጠላ ጠፍራ ከረመች። ጠበል ወሰድናት፤ ሐኪም ቤት አልወሰድናትም፤ ሐኪም ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያያላ። ስትሞት ለለቀስተኛው መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ውጋት አልኩ። ገላዋን ያጠቡት ሴቶች ያውቃሉ፣ የንስሐ አባቷ ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። የቁስሉ ጠረን እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልወጣም። ግን እሷ ሴት ልጅ ባትተውም፣ የእኔ ሴቶች ልጆች አልተዳሩ፣ የታላቅ ወንድሜም አልተዳሩ። ሴቶቹ በጡታቸው የሚያልቁበት ቤት ነው ከተባለ ማን አማላጅ ይልካል?

ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ትልቋ አስተማሪ ናት። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለጎልማሶች ታስተምር ነበርና ከፊት ወንበር አስቀመጠችኝ። ያላሾፈብኝ የለም። «ተማሪው፣ የቤት ሥራህን ሳትሠራ ብትቀር ታንበረክክሃለች?» ይሉኛል ገበያ ላይ። «ታንበረክከኛለች፤ አንተ ግን ብትፈልግም የምታስተምርህ ልጅ የለችህም» እላለሁ። በሁለተኛው ዓመት ማንበብ ጀመርኩ። እስከ ዛሬ ጣቴን ከሥሩ ሳላስኬድ አላነብም፤ ግን አነባለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ይህችው ልጄ ጡቷ ላይ ሽምብራ የሚያህል ነገር አገኘች። እሷ አልደበቀችም። ለእናቷ ነገረቻት፣ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ለእኔ ነገረችኝ። መንገድ እስኪከፈት ጠብቃ ደሴ ሄደች። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ሕክምና አደረጉላት፤ ጸጉሯን የሚያረግፈውን መድኃኒት ሰጧት። መንደሩን ምን አልነው? ሥልጠና ሄዳለች አልነው። አስተማሪ አይደለች? አስተማሪ ሁልጊዜ ሥልጠና ይሄዳል። ውጋት ዘመናዊ ሲሆን ሥልጠና ይባላል።

እሷን የያዘችው ሐኪም አባቷን ማግኘት እፈልጋለሁ ብላ ላከችብኝ። ነቀርሳው በዘር የሚወርድ መሆን አለመሆኑን ልታጣራ ነው። ታላቅ ወንድሜ ብቻህን አትሄድም ብሎ ተከተለኝ። በወገል ጤና ከተማ በኩል ነበር የሄድነው፤ እዚያ ለምሳ ስንወርድ ወደ ጎን ሳበኝና የትንሿን ልጄን ነገር አነሳ። ትንሿ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የሙጃ ሰዎች ለልጃቸው ጠይቀዋት ሽማግሌ የሚመጣበት ወር ለመጪው ዓመት ተቆርጦ ነበር።

«ይህቺ ሐኪም ዘር ትጠይቃለች አሉ» አለኝ። «እንዳትለፈልፍ። ትልቋ የሆነችውን ሆናለች፤ ትንሿን አስባት።»

አሰብኳት። አስቤያት ነው የዋሸሁት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ነጭ ወረቀት ዘርግታ ለወንድ ሳጥን፣ ለሴት ክብ እየሣለች ዘሬን ጠየቀችኝ። ጀመርኩላት። አባቴ፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴ፣ የእነሱ እህት ወንድም፣ የተዳሩበት፣ የወለዱት። እስክሪብቶዋ አልደረሰብኝም፤ ሁለተኛ ወረቀት ቀጠለች። እንደ እርስዎ ያለ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፣ ሰው ያያቱን ስም እንኳ ተጨንቆ ነው የሚነግረኝ አለች። እኔ ሞኙ ደረቴን ነፋሁ። ልጄ ራሷን በሻሽ ሸፍና ከጎኔ ተቀምጣለች።

ከዚያ ሐኪሟ እናትዎ በምን ሞቱ አለችኝ። በውጋት አልኩ። እህትዎስ? በውጋት። የእናትዎ እህት ስትል ወንድሜ ቀደመኝ፤ «ውጋት» አለ። እስክሪብቶዋ ቆመ። ሦስቱም? አለች።

«ደጋ ነው፣ ዶክተር» አልኳት። «ብርዱ ኃይለኛ ነው።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በራሴ አፍ፣ በራሴ ልጅ ፊት፣ ጡቷን የቆረጡላት ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ። ብርዱ ኃይለኛ ነው አልኩ። ሰው በስንቱ ይናደዳል? በቀበሌ ይናደዳል፣ በመንገዱ ይናደዳል፣ በመድኃኒት መጥፋት ይናደዳል። ተናድጃለሁ በሁሉም። ግን ያቺን ቀን የጎደለው ነገር የጎደለው ከእኔ አፍ ብቻ ነው።

ልጄ ደም ሰጥታ ነበር፤ ለጥናት ተብሎ ወደ ውጭ አገር ተልኮ ወራት ቆይቶ መልስ መጣ። እሷም ጸጉሯ በቅሎ ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። አንድ ቀን ከሰዓት ቤት መጥታ አንዲት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ እናቷ ገባች። የሆስፒታል ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህቺ ግን በእሷ እጅ ጽሑፍ፣ ጎልማሳ ለማስተማር በምትጽፍበት በትልልቁ ፊደል፣ በአማርኛ ተገልብጣለች። ለእኔ ነው የገለበጠችው። ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ አነበብኩ።

«የሚታወቁት ሁለት ዘረመሎች ጤነኛ ናቸው። ተመሳሳይ ሕመም በቤተሰብ፦ በእናት ወገን የለም። በአባት ወገን የለም። ስለዚህ ታናሽ እህቷ በዚህ ዕድሜ የተለየ ክትትል አያስፈልጋትም።»

በአባት ወገን የለም። ሁለቴ አነበብኩት፤ አልተለወጠም። በሃምሳ ዓመቴ ፊደል ተማርኩ ብዬ መዝሙረ ዳዊት ልደግም ነበር ያማረኝ። ያገኘሁት የራሴን ውሸት ነው፣ ተጽፎ፣ ሐኪም አምናው፣ ትንሿን ልጄን ቤትሽ ቁጭ በይ የሚል ትእዛዝ ሆኖ።

ልጄ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ የአክስቴን ገላ ያጠቡትን እማሆይ ሙጃ ሄጄ አግኝቻቸዋለሁ» አለች። «ሁሉን ነግረውኛል።»

«ታዲያ ለሐኪሟ ለምን አልነገርሽም?»

«እርስዎ እንዲነግሯት ነዋ። ያሉት እርስዎ ነዎት።»

 በሚቀጥለው ቀጠሮዋ አብሬያት ሄድኩ፤ ወንድሜን አልነገርኩትም። ለሐኪሟ ውጋቱን አንድ በአንድ ፈታሁላት። ጮኻ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። የድሮዎቹን ወረቀቶች አወጣች። ከዚያ ነው የተቆጣችው፣ ቀስ ብላ። አባቴ፣ ይህ ወረቀት እኮ ለእኔ እንደ መሣሪያ ነው፣ እዚህ አገር ሌላ መሣሪያ የለኝም፣ እርስዎ ሰበሩት አለችኝ። ልክ ናት።

እኔም የራሴ ንዴት ነበረኝና አወጣሁት። ደሙ ባሕር ተሻግሮ ጤነኛ ነው ተብሎ ከመጣ፣ ሦስት ሴቶች በምን አለቁ፣ ልጄስ በምን ታመመች ታዲያ? መሣሪያው ዋሸ ወይስ እኔ? አልኳት። የምታስረዳኝ አልመሰለኝም፤ ለገበሬ ማስረዳት ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው ብዙ አይቻለሁ። እሷ ግን ወንበሯን ስባ ቀረበች።

የተመረመሩት ሁለቱ ዘረመሎች ዋናዎቹ፣ ስማቸው የታወቀው ናቸው አለች፤ እነሱ ሲሰበሩ ነቀርሳ በዘር ይወርዳል። ግን እነሱ ብቻ አይደሉም። አር ኤን ኤ የሚባል ነገር አለ፤ ከዘረመሉ ተገልብጦ የሚወጣ መልእክት ነው። አብዛኛው ሥራ ያሠራል። አንዳንዱ ትንንሹ ግን ራሱ ምንም አይሠራም፤ ሥራው ሌሎቹን መቆጣጠር ነው፤ ይህን ያህል ይበቃል፣ አሁን ቁም ማለት ብቻ። እሱ ላይ ከወላጅ የሚወረስ ትንሽ ልዩነት ሲኖር…

«የውኃ አባት ነው» አልኳት።

አልገባትም። የሐይቅ ዳር ልጅ ትሆናለች፣ የእኛን አላየችም። እኔ አራት ዓመት የወንዛችን የውኃ አባት ነበርኩ። የውኃ አባት አካፋ አይጨብጥም፣ በሬ አይጠምድም፣ ዘር አይዘራም። በመስኖው ራስ ላይ ቆሞ ላንዱ «ክፈት»፣ ላንዱ «በቃህ፣ ዝጋ» ይላል። ሥራው ይኸው ነው፤ የማያውቀው ሰው ሥራ ፈት ይለዋል። እሱ ትንሽ ቢያንቀላፋ ግን ያንዱ ማሳ ሳይበቃው ይደርቃል፣ የሌላው ሞልቶ አፈሩን ይዞ ገደል ይገባል። አራሹም ደህና፣ በሬውም ደህና፣ ዘሩም ደህና። ሄደህ ማሳውን ብትመረምር ጥፋተኛ አታገኝም።

ሐኪሟ ሳቀች፤ በመጀመሪያዋ ቀን አላየሁትም ነበር ሳቋን። ትክክል ነው፣ ግን የውኃ አባቱ አንድ አይደለም፣ ብዙ ናቸው አለች። እያንዳንዱ የሚሳሳተው ጥቂት ነው፤ ብቻውን ማሳ አያጠፋም። ተደማምሮ ነው አደጋውን ከፍ የሚያደርገው። የእርስዎ ቤት ይኸው ይሁን ሌላ እስካሁን ያልታወቀ ነገር ይሁን አላውቅም፤ እዚህ የሚመረምርልኝም የለም። የውጭዎቹም ቢሆኑ የሚያመሳክሩት ከራሳቸው ሰው ደም ጋር ነው፤ የእኛ ሰው ደም በመዝገባቸው ውስጥ እምብዛም የለም። ስለዚህ ጤነኛ ሲሉ፣ እኛ የምናውቀው ጉድለት አልታየም ማለታቸው ነው እንጂ ነፃ ናችሁ ማለታቸው አይደለም።

የሌላ ወንዝ ተራ ይዘው የእኛን ቦይ ፈረዱበት ማለት ነው። በዚህ ደግሞ ስንት ቀን ተናደድኩ።

አንድ ነገር ጠየቅኳት። እኔ ወንድ ነኝ፤ የሴት ጡት በሽታ በእኔ በኩል እንዴት ያልፋል? ግማሹ ከእናት ግማሹ ከአባት ነው፣ አባት ሳይታመም ሊያሳልፈው ይችላል አለች። ከዚያ የተናገረችውን ግን ከነቃሉ ይዤዋለሁ፦

«ትንሿ ትምጣ። ዛሬ ነገ ሳይሉ።»

ስንመለስ ወንድሜን ለሁሉ ነገር ተዘጋጅቼ ሄድኩበት። ሽማግሌ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ቀርቶ ነበር። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ልጻፈው። ግን የተናገረው ይህ ነው፤ ትዳር፣ ከተዳረች በኋላ ባሏ ያሳክማት አለ። ባሏ ያሳክማት! ጎደሎዋን ሸሽገን ገበያ እንደምናወጣት ጊደር፣ ገዢው ቤቱ ወስዶ ይወቀው ማለት እኮ ነው። እህታችንም ባል ነበራት፤ ባሏ አሳከማት? አልኩት።  እሱም ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ሦስቱም ላሊበላ ይማራሉ። የእነሱን ሳነሳበት ከቤቴ ውጣ አለኝ።

ትንሿን ልጄን ጠየቅኳት። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ስለ ጋብቻዋ ተጠይቃ አታውቅም፤ እኔም እንዴት እንደሚጠየቅ አላውቅም ነበርና አውድማው ላይ ቆመን ዝም ብዬ ሁሉን ነገርኳት። ዘንቢሏን አስቀመጠች።

«ሽማግሌዎቹ ፊት ይቁጠሩት፣ አባዬ» አለች። «የሚሄድ ከሆነ ሳልወልድለት ይሂድ።»

የልጁ ወገን ሽማግሌዎች አራት ሆነው መጡ። የሚመሯቸው አዛውንት የተከበሩ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። ወንድሜም መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ሰው ፊት መቅረት አይችልም። እንደ ልማዳችን ቆጠርኩ። ሰባት ቤት በእኛ በኩል፣ ሰባት ቤት በእነሱ በኩል። አይገናኝም። ሥጋው ንጹሕ ነው ተባለ፣ ሊመርቁ እጃቸውን አነሡ።

አላበቃሁም አልኩ። እንደገና ጀመርኩ፣ አሁን ሴቶቹን። እናቴ፣ በጡት ነቀርሳ። የእናቴ እህት፣ በጡት ነቀርሳ። እህቴ፣ እናንተው አገር የተቀበረችው፣ በጡት ነቀርሳ። ትልቋ ልጄ ሥልጠና አልሄደችም፤ በዚሁ ሕመም ታክማ ድናለች። ትንሿ እስካሁን ደህና ናት፤ ለምርመራ ትሄዳለች፣ ዕድሜዋን ሁሉ ትመረመራለች። ይህን አውቆ የሚወስዳት ይውሰዳት።

ወንድሜ ነጠላውን በፊቱ ላይ ሳበ።

አዛውንቱ ለምርቃት ያነሡትን እጃቸውን አወረዱ። «ይህን ማን ጠየቀህ?» አሉኝ።

«ማንም አልጠየቀኝም፣ አባቴ። ችግሩ እሱ አይደል?»

እዚያ ላይ ብተው ኖሮ ጥሩ ነበር ይሉኛል። አልተውኩም። ሃያ ዓመት የቆጠርኩት የእኔን ቤት ብቻ አይደለም። የእነሱንም ቆጥሬያለሁ። የልጁ አያት ውጋት፣ የአያቱ እህት ውጋት፣ አንዲት አክስቱ ገና አራስ ሳለች ውጋት። የእናንተዎቹስ የት ላይ ነበር የወጋቸው? አልኳቸው። አዛውንቱ ከዘራቸውን ያዙ፣ ተነሡ። ሦስቱ ተከተሏቸው። ከበሩ ሲወጡ ግን አንደኛው፣ በዕድሜ የሚያንሰው፣ ዞር ብሎ አየኝ፤ ቁጣ አልነበረም ፊቱ ላይ። ምን እንደነበር አላውቅም። ልጁ ራሱ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ለልጄ ስልክ ደውሎላታል፤ ምን እንዳላት አልጠየቅኳትም፣ የእሷ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤት ቁጠርልን ብሎ የመጣ የለም። ጥናቱ የአባትን ደም ይፈልጋል ተብሎ እኔም ደም ልሰጥ መሄዴ ሲሰማ ደግሞ ገበያው በሳቅ ተነጠፈ። «ጡት አበቀልክ አሉ፣ እውነት ነው? መቼ ነው የምታጠባው?» አለኝ አንዱ የበግ ነጋዴ። ይሳቁ። ከመካከላቸው ስንቱ እንደ እኔ በደሙ ይዞት እንደሚዞር ማን ያውቃል፤ ሴት ልጁ ስታገኘው ነው የሚያውቀው።

ትንሿን ደሴ የወሰድናት እኔና እህቷ ነን። ከምርመራው ክፍል እስክትወጣ ኮሪደር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ፤ መቀመጫ ነበር፣ አልተቀመጥኩም። ስትወጣ ምንም አልተገኘባትም። ሐኪሟ አዲስ ወረቀት ዘርግታ ሁሉን እንደገና ሣለችው። የእናቴን ክብ በእስክሪብቶ አጠቆረችው። የእናቴን እህት። የእህቴን። የትልቋን ልጄን። ወደ እኔ ሳጥን ስትደርስ መካከሉ ላይ ነጥብ አደረገች። ምንድን ነው ይሄ አልኳት፤ ሳይታመም አሳልፎ ሊሆን የሚችል ሰው ማለት ነው አለች። አየሁት። ቤት ቆጣሪው ይኸው ነው፣ ሳጥንና ነጥብ።

ትንሿ ጎንበስ ብላ የራሷን ክብ በጣቷ ነካች።

«ይህቺ ባዶዋ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ» አለቻት ሐኪሟ። «በየዓመቱ እየመጣሽ ባዶነቷን ታሳዪኛለሽ።»

ሦስት ክቦች ቀሩ፣ በወንድሜ ሳጥን ሥር። ሐኪሟ በእያንዳንዳቸው ውስጥ የጥያቄ ምልክት አደረገች። ወንድሜ ካናገረኝ አንድ ዓመት አልፎታል፤ ልጆቹም ቤቴ እንዳይደርሱ ከልክሏቸዋል። መልእክት ብልክ አያደርስም፤ ሰው ብልክ ያባርራል። እኔ እድሜዬን ሙሉ በቃሌ ነበር የምቆጥረው፤ በቃል ያለን ነገር ሰው እንደፈለገ ያፍነዋል። ስለዚህ ጻፍኩት። እናታችን፣ የእናታችን እህት፣ እህታችን፣ ልጄ፣ ውጋት ሳልል፣ በየሕመማቸው። ትንሿ ልጄ ላሊበላ ወርዳ በትምህርት ቤታቸው በር ላይ ትሰጣቸዋለች።

አባታቸው ቢከለክላቸውም አያስጨንቀኝም። ሦስቱም ማንበብ ይችላሉ።